ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ስፔሻሊስቱ ሩቅ ሲሆን ጤና ጣቢያው ምን ይሥራ?

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ገጠር ነው። ሁለቱም እጆቿ ካበጡና ጠዋት ጠዋት መጨበጥ ካቃታት ስምንት ወር አልፏል። ከተማ ወስጃት ስፔሻሊስቱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለ። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት 15 ሚሊግራም፣ ፎሊክ አሲድና ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት። ከጀመረች አምስት ሳምንት ሆኗታል። በየጊዜው ደም ተመርመሪ፣ በሦስት ወር ተመለሺ ተብላለች። መንገዱ ግን በጣም ሩቅ ነው። አጠገቧ ያለው ጤና ጣቢያ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብሎ ሲያማት የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋታል። ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት ነው፣ ጉበት ይጨርሳል ያሏትም አሉ። እሷ አሁን «ፕሬድኒሶሎኑ ብቻ ይበቃኛል» ትላለች። ጤና ጣቢያው ሊከታተላት ይችላል? ታናሽ እህቴም ጣቶቿን ያማታል፣ በሽታው ይወረሳል እንዴ?

ምላሽ፦ በቀጥታ ልመልስ። አዎ፣ ጤና ጣቢያው ሊከታተላቸው ይችላል። እንዲያውም ቢከታተላቸው ይሻላል። የዚህ የመገጣጠሚያ በሽታ ሕክምና አብዛኛው ሥራ ትልቅ ሆስፒታል አይጠይቅም። መገጣጠሚያ በእጅ መዳሰስ ነው፣ ደም መመርመር ነው፣ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱን ማየት ነው፣ አደጋ ሲመጣ ቶሎ መለየት ነው። ስፔሻሊስቱ የሚያስፈልገው በሽታውን ለማረጋገጥ፣ መንገዱን ለመቀየስና ነገሩ አልሰምር ሲል መድኃኒት ለመለወጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለቱ መካከል ነው። ከተማ ያለው «እዚያው ተከታተይ» ይላል፣ ጤና ጣቢያው «ይሄ የስፔሻሊስት ነው» ይላል፣ በሽተኛዋ መሃል ላይ ትቀራለች። የእናትዎም ነገር እንደዚያ እንዳይሆን ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እናትዎ ፕሬድኒሶሎኑን ለምን እንደወደዱት ይገባኛል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እብጠት ያወርዳል፣ ጠዋት እጅ እንዲዘረጋ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ የሚሠራው ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩማቶይድ በሽተኛ ሲሰጥ፣ መራመድ አቅቷት የነበረች ወጣት ሴት በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የመድኃኒቱ ዕዳ ግን ወዲያው መታየት ጀመረ። ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ ፊት ያብጣል፣ ደም ግፊትና ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ያመጣል፣ ኢንፌክሽንም ይደጋግማል። ስለዚህ ዛሬ ፕሬድኒሶሎንን የምንጠቀምበት እንደ መሸጋገሪያ ነው። ዋናው መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ በትንሽ መጠን ይሰጣል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ቢቻል በሦስት ወር ውስጥ እንዲያልቅ እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለሳምንታት የወሰዱትን ፕሬድኒሶሎን በአንድ ቀን ማቋረጥ አይቻልም። ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ ድንገት ሲቆም ሰውየው ሊዝል፣ ግፊቱ ሊወርድ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ማሰብ የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ፕሬድኒሶሎን ብቻ የማይበቃው በሽታው ውስጥ ውስጡን ስለሚሠራ ነው። በሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ ኃይል የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ልም አጥንቱንና አጥንቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። የተበላ አጥንት ተመልሶ አይተካም። ጣት የሚጣመመው፣ የእጅ አንጓ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቶሎ ይጀምራል። ለዚህ ነው ዋናው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ቢጀመር የምንመርጠው። እናትዎ ትንሽ ዘግይተዋል፣ አሁን ሜቶትሬክሴቱን ቢያቆሙ ግን የበለጠ ይዘገያሉ።

«የካንሰር መድኃኒት ነው» ያሏቸው ሰዎች አልዋሹም። ሜቶትሬክሴት ካንሰርም ይታከምበታል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ለአንዳንድ ካንሰሮች በአንድ ጊዜ በግራም የሚቆጠር ይሰጣል። ለመገጣጠሚያ ግን በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ብቻ ነው። በዚህ መጠን ዋና ሥራው ብግነቱን ማብረድ ነው። በዓለም ዙሪያ ለሩማቶይድ በመጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ይሄው ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ጉበትን ሊነካ ይችላል፣ እውነት ነው። ደም የሚመረመረው ለዚያ ነው፣ አልኮል የሚከለከለውም ለዚያ ነው። በሥርዓት ከተከታተልነው አብዛኛው ሰው ለዓመታት ይወስደዋል።

ደግሞ ቶሎ አይሠራም። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አምስት ሳምንት ላይ «ምንም አልለወጠኝም» ቢሉ አይገርምም። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ሊሠራ ሲል ነው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ማጋነን አይደለም። የደም ሴሎች የሚመረቱበትን መቅኔ ያጠፋዋል፣ አፍና አንጀትን ያቆስላል። ስህተቱ የሚፈጠረው ደግሞ በጣም በቀላሉ ነው። ሌላው ክኒን ሁሉ በየቀኑ ስለሚወሰድ ይሄም እንደዚያው ይመስላል። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አንድ ቀን ይምረጡ፣ ሰኞ እንበል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሰኞ ብቻ» ብለው ይጻፉበት። ፎሊክ አሲዱ በሳምንት አንዴ ከታዘዘላቸው ሌላ ቀን ይሁን፣ «ሐሙስ» ብለው ይጻፉበት። ሜቶትሬክሴቱን ከሌሎቹ መድኃኒቶች ለይተው ያስቀምጡ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን፣ በየሰኞው ቆጥሮ ይስጣቸው፣ ወረቀት ላይ ምልክት ያድርግ። 15 ሚሊግራም ማለት ባለ 2.5 ሚሊግራም ክኒን ስድስት ፍሬ ነው። ባለ 10 ሚሊግራም ክኒንም ስላለ መድኃኒት ቤት በሄዱ ቁጥር ቁጥሩን ያንብቡ። ክኒኑ መልኩ ከተለወጠ ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ። አንድ ሰኞ ቢረሱ እስከ ረቡዕ መውሰድ ይችላሉ። ከዚያ ካለፈ የሚቀጥለውን ሰኞ ይጠብቁ። ድርብ አድርጎ ማካካስ የለም።

አፋቸው ውስጥ ቁስል ከወጣ፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዛቸው፣ ቆዳቸው ያለምክንያት ከበለዘ ወይም ድዳቸው ከደማ፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ አዲስ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ሜቶትሬክሴቱን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት ሲኖርም እንዲሁ መቆም አለበት። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በስህተት ብዙ ለወሰደ ሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ ሊዩኮቮሪን የሚባል ማርከሻ አለ። በየሳምንቱ የሚወስዱት ፎሊክ አሲድ እሱን አይተካም።

የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ይህን ካነበቡ አንዲት መስመር እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል አይታዘዝም። ባክትሪም የሚባለው ነው። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ለሌላም ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ርካሽና ቅርብ መድኃኒት ስለሆነ እጅ ቶሎ ይሄድበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የደም ሴሎችን ክፉኛ ሊያወርዱ ይችላሉ። ሌላ አንቲባዮቲክ ይመረጥ። እርስዎም የእናትዎ ካርድ ፊት ላይ በቀይ ይጻፉት።

የደም ምርመራው ነገር እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የጉበት ኢንዛይምና የኩላሊት ሥራን የሚያሳየው ክሪያቲኒን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ፣ መጠኑ ሲረጋጋ ደግሞ በየሦስት ወሩ ይበቃል። መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ወደ ቅርብ ቅርቡ እንመለሳለን። ጤና ጣቢያው የደም ቆጠራ ሠርቶ የጉበቱን መሥራት ካልቻለ፣ ደሙ ተቀድቶ ላብራቶሪ ወዳለበት ይላክ። መንገዱን የሚጓዘው ናሙናው ይሁን እንጂ እናትዎ አይሁኑ። ነጭ የደም ሴል ከ3,500 በታች ሲወርድ፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ140,000 ሲያንስ፣ የጉበት ኢንዛይም ከ100 ሲያልፍ፣ ክሪያቲኒን ከነበረበት ከ30 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ የሚቀጥለውን የሜቶትሬክሴት ክኒን ሳይወስዱ ለስፔሻሊስቱ መደወል ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ መጀመሪያ ላይ ካልተመረመሩላቸው አሁንም ይመርመሩ።

አንድ ሰው «ተሻለኝ» ወይም «ባሰብኝ» ማለቱ ብቻ ለውሳኔ አይበቃም። ደግነቱ ማሽን የማይፈልግ መለኪያ አለ። ሲዲኤአይ ይባላል። ነርስም፣ ሐኪምም በእጁ ይሠራዋል፣ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። የሚዳሰሱት መገጣጠሚያዎች 28 ናቸው፦ ሁለቱ ትከሻ፣ ሁለቱ ክርን፣ ሁለቱ የእጅ አንጓ፣ አሥሩ የጣቶች ሥር፣ የጣቶቹ መካከለኛ አሥር (የአውራ ጣቱን ጨምሮ) እና ሁለቱ ጉልበት። በአውራ ጣትዎ የራስዎ ጥፍር እስኪነጣ ይጫኑ። በሽተኛዋ ካመማት አንድ ይቆጠራል። ከዚያ ለብቻው እብጠቱን ይቁጠሩ። የሩማቶይድ እብጠት ሲነኩት ስፖንጅ የነኩ ያህል ለስለስ ይላል። ጠንካራ የአጥንት ጉብታ ከሆነ፣ በተለይ ጥፍር አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ላይ፣ ምናልባት የዕድሜ መገጣጠሚያ ሕመም ነው። ቀጥሎ በሽተኛዋ በሽታው ምን ያህል እንዳስቸገራት ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትስጥ፣ ባለሙያውም የራሱን ይስጥ። አራቱን መደመር ነው።

ለምሳሌ ስምንት የሚያም፣ ስድስት ያበጠ፣ የበሽተኛዋ ቁጥር 6፣ የባለሙያው 5 ቢሆን ድምሩ 25 ነው። ከ22 በላይ ስለሆነ በሽታው ገና በኃይል እየሠራ ነው ማለት ነው። የምንፈልገው ቢያንስ ከ10 በታች እንዲወርድ ነው፣ 2.8 እና ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው ተኝቷል እንላለን። በሦስት ወር ውስጥ በግልጽ ካልቀነሰ፣ ወይም በስድስት ወር ዒላማው ላይ ካልደረሰ፣ ሕክምናው መለወጥ አለበት። «ትንሽ ይሻላታል» ብሎ ለዓመት መቆየት በዚህ በሽታ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ይህ ቁጥር ያለበት ወረቀት ስፔሻሊስቱ ዘንድ ለመድረስ እናትዎን አይጠይቅም። ጤና ጣቢያው ቁጥሩን፣ የደሙን ውጤትና የሁለቱን እጆች ፎቶ በስልክ ይላክ። ስፔሻሊስቱም «ወደ 20 ሚሊግራም ይጨመር» ወይም «ይምጡ» ይበል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ እርስዎ ራስዎ ስፔሻሊስቱን ይህን ይጠይቁ፦ የምርመራውን መጠሪያ፣ የአሁኑን መጠን፣ መጠኑ እስከ ስንት ሊጨመር እንደሚችል፣ ፕሬድኒሶሎኑ በየስንት ሳምንቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ፣ የሚደወልበትን ስልክ። አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ፈርሞ ይስጥዎ። ጤና ጣቢያው «የእኛ አይደለም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ነው እንጂ ከክፋት አይደለም። ኃላፊነቱ በጽሑፍ ሲመጣለት ሲከፈት አይቻለሁ።

የዲክሎፌናኩ መርፌ ሕመም ያስታግሳል፣ በሽታውን ግን አይነካውም። መገጣጠሚያው ሕመሙ ጠፍቶም መበላቱን ይቀጥላል። ሲደጋገም ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆን ደግሞ የጨጓራ መድማት ዕድሉ ይብሳል። ፈጽሞ አይወሰድ አልልም። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ለጥቂት ቀን፣ በትንሹ መጠን፣ ጨጓራ ከሚጠብቅ መድኃኒት ጋር ይቻላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብረው ግን አይወሰዱም። መርፌው በተደጋጋሚ ካስፈለገ ዋናው መድኃኒት አልበቃም ማለት ነውና ለስፔሻሊስቱ ይነገር።

ሜቶትሬክሴት ብቻውን ካልበቃ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ሰልፋሳላዚንና ሀይድሮክሲክሎሮኪን ይጨመሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲሰጡ ውጤታቸው ከሜቶትሬክሴትና ከውዱ የኢታነርሴፕት መርፌ ጥምረት እንደማያንስ አሳይቷል። ለገጠር ታካሚ ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ ሦስቱም ክኒን ናቸውና። ሀይድሮክሲክሎሮኪን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ዓይኑን መመርመር አለበት። እንደ ኢታነርሴፕት ወዳሉት መርፌዎች የሚኬድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የተደበቀ ቲቢ ይፈተሻል፣ ያለዚያ ሊቀሰቀስ ይችላል።

ሌላው የጤና ጣቢያው የዕለት ሥራ ነው። ሩማቶይድ የልብና የደም ሥር በሽታን ዕድል ይጨምራል፣ ስለዚህ ግፊትና ስኳር በየጉብኝቱ ይለካ። ሲጋራ ካለ ይቁም፣ በሽታውን ያብሳል፣ መድኃኒቱንም ያደክማል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት የሚገኝ ከሆነ ይውሰዱ። ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ከተፈለገ «ሩማቶይድ አለብኝ» ይበሉ፣ አንገት ላይ ያሉት አጥንቶች ላልተው ሊሆን ይችላልና።

እቤት ደግሞ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ፣ እንዳይሰቃይም። በሽታው ሲያገረሽ ያበጠው መገጣጠሚያ ይረፍ። ሲበርድ በየቀኑ ጣት መዘርጋት፣ መጨበጥ፣ የእጅ አንጓ ማዞር ያስፈልጋል፣ የእጅ እንቅስቃሴ ጥንካሬን እንደሚመልስ በጥናት ታይቷል። ዕቃ ሲያነሱ በጣት ጫፍ ሳይሆን በሁለት መዳፍ ወይም በክንድ ይያዙ። ቀጭን እጀታ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ይወፍር። ውኃ የሚቀዱ ከሆነ በአንድ ከባድ ዕቃ ፋንታ በሁለት ቀላል ይመላለሱ፣ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ሰው ይቅዳላቸው።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ መንገዱን መግባት የሚያስፈልግባቸው ጊዜዎችም አሉ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ግሎ ትኩሳት ካለ «ሩማቶይዱ ነው» ተብሎ አይታለፍ። መግል ሊሆን ይችላል፣ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያጠፋል። ዓይን ቀልቶ ከታመመ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ትንፋሽ ካጠረም እንዲሁ።

የእህትዎን ጥያቄ አልረሳሁም። በሽታው እንደ ዓይን ቀለም በቀጥታ የሚተላለፍ አይደለም። እናት ወይም እህት ያለባት ሰው ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል፣ አብዛኞቹ ግን አይያዙም። ጣት ስላመመ ብቻ የደም ምርመራ መሮጥ አያስፈልግም። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ጤነኛ ሰው ላይም ሊገኝ ይችላል፣ በሽታው ካለባቸው ደግሞ ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ላይ ላይገኝ ይችላል። ከዚያ ይልቅ እጇን ይመልከቱ። የጣቶቿ ሥር ወይም የእጅ አንጓዋ በሁለቱም በኩል አብጧል? ጠዋት እጇ እስኪፍታታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል? እንደ ሰላምታ ይዘው የጣቶቿን ሥር ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለው ሲጨምቁት በጣም ያማታል? ከነዚህ አንዱ ካለና ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሐኪም ትታይ። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላትም ገና ከመጀመሪያው ትናገር። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጎዳል፣ በእርግዝናም በጡት ማጥባትም አይወሰድም፣ ከማርገዝ በፊት ጥቂት ወራት አስቀድሞ ይቆማል። ሰልፋሳላዚንና ሀይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝና ጊዜም ስለሚወሰዱ ሐኪሟ ከነሱ ሊጀምር ይችላል።